ሦስተኛውን መስመር የናቀ ሰው

አጎቴ ሞትን ይንቀው ነበር። ይፈራው ነበር አላልኩም፤ ይጠላው ነበርም አላልኩም። ሰው የሚጠላውን ቢያንስ በቁመቱ ልክ ያየዋል። አጎቴ ግን ሞትን የሚያየው ሳይጠራ ድግስ ገብቶ የባለቤቱን ወንበር እንደሳበ ሰው ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አያየውም።

የሚያስቀው ነገር ሥራው ነው። አጎቴ የመቃብር ድንጋይ ጸሐፊ ነበር። ከአውቶቡስ ጋራዡ አጥር ጋር በተለጠፈች ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች ክፍል ውስጥ፣ ቅንድቡ በኖራ ድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ፣ ዐርባ ዓመት ሙሉ መሮና መዶሻ ይዞ ኖሯል።

«የሚያበላህን ሰውዬ እንዲህ ትሰድበዋለህ?» ትለው ነበር ሚስቱ።

«እሱ አያበላኝም። የሚያበሉኝ ሰዎቹ ናቸው» ይላታል። «እሱማ የበላውን እንኳ አጣጥሞ አያውቅም።»

እኔ የእኅቱ ልጅ ነኝ። ለአስተማሪነት የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ተማሪ ሳለሁ የእጅ ጽሕፈት የሚባል ትምህርት ነበረ፤ በአራት መስመር መካከል ፊደሉን ወገቡን አስይዘን፣ እግሩን አስተካክለን እንጽፍ ነበር። አጎቴ ያን ጽሕፈቴን ወዶልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ እኔ እነድፍለታለሁ፤ እሱ በመሮ ይከተለኛል።

የሚጽፈው ምንጊዜም ሦስት መስመር ነው። ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ ያረፉበት ቀን። ስሙን ሲቀርጽ መሮው የትንሽ ጣትን አንጓ ያህል ይጠልቃል። የልደቱን ቀን ከዚያ ጥቂት ቀለል ያደርገዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይቀየራል፤ አፍንጫውን ይነፋና ድንጋዩን ድመት የጫረችው ያህል ጫር ጫር አድርጎት ያልፋል። እርሳሴ ሳይቀር ከመሮው የጠለቀ ይመስለኝ ነበር።

ለምን እንደሆነ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ነው። ለተማሪዎቼ የማዘጋጀውን ትምህርት ጮክ ብዬ ሳነብ ሰማኝ። መጽሐፉ እኔ ራሴ በልጅነቴ የተማርኩበት፣ ጀርባው በጨርቅ የተለበጠ፣ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ነበር። ወረቀቱ እስካሁን በአፍንጫዬ ይሸተኛል። «ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሁሉ ይወለዳሉ፤ ያድጋሉ፤ ይራባሉ፤ ይሞታሉ» ይላል።

መዶሻው ቆመ። «እስቲ ድገሚው፣ የኔ አስተማሪ።»

ደገምኩለት። በነጩ ጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«መወለድ፣ እሺ። ማደግ፣ እሺ። መራባት፣ ተባዙ ተብሏል፣ እሱም ደግ። አራተኛውን ማን ጨመረው?»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው።»

«ይሁን። እኔ የጠየቅሁሽ ሲፈጠር ነበረ ወይ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሲሠራ አንድም ቀን ‹ሞት ይሁን› አላለም። የሠራውን እያየ መልካም ነው አለ። ሞትን አይቶ መልካም ነው ያለበትን ቦታ አሳዪኝና ይኼን መሮ እውጠዋለሁ።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። አጥሩን የቀደድን እኛ፣ የገባው እሱ። ገብቶ ውሎ ሲያድር፣ ውሎ ሲያድር፣ የቤት ሰው መሰለ። ሰዉም ለመደውና ‹ያለ ነው› ይልልሻል። ያለ አይደለም! የገባ ነው! የገባ ደግሞ ይወጣል። ለሚወጣ ነገር ድንጋይ ጠልቄ አልበሳም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ዐረፍተ ነገር ለክፍሉ ባነበብኩ ቁጥር አራተኛው ግስ ላይ ድምፄ ዝቅ ይልብኝ ነበር። ልጆቹ ሳል የያዘኝ መስሏቸው ውሃ ያመጡልኛል።

ሞትን ከሚፈሩት ይልቅ ሞትን የሚያቆላምጡት ያበሳጩት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የስድስት ዓመት ልጇ በሞተችባት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ አብሯት መጣና «አምላክ ለአትክልቱ ስፍራ የቀጠፋት አበባ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቀ። አጎቴ ሰባኪውን ከጫማው እስከ ባርኔጣው አየው።

«አበባ ጎደለው?»

«ምን አሉኝ?»

«ሰማይና ምድር የሠራ ጌታ አበባ አጥቶ ከዚች ሴትዮ ጓሮ ሰረቀ ነው የምትለኝ? ሌባው ሌላ፣ ስሙ የሚጠፋው ሌላ! ይኼን አልጽፍም።»

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ስም ብቻ ነገረችው። አጎቴ ያን ስም እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ አጥልቆ ቀረጸው፤ ሦስተኛውን መስመር ደግሞ እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ አቅልሎ ጫረው።

ሰባት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁበት። አንድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ ከመቃብሩ ስትወጣ በሩ ላይ «የልጄ መሞቻ ቀን እኮ ጠፍቷል» አለች። ያለችው ለዘበኛው ነው፤ የሰማት ግን የመቃብር ኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው። ሊቀ መንበሩ የውሃ መሐንዲስ ነው። ቆቡን ከራሱ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከእጁ የማይለይ፣ ውሃ ቢሰጡት መጀመሪያ ብርጭቆውን የሚለካ ሰው። በዚያው ሳምንት አዲሱን የመቃብር ክፍል በመደዳ ዞሮ ሠላሳ ስምንት ድንጋይ መዘገበ። በሠላሳ ስምንቱም ላይ ስሙ አለ፣ ልደቱ አለ፣ ዕረፍቱ የለም።

አጎቴን ጠሩት። እኔም ተከተልኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። መሐንዲሱ ከወዲያኛው ጫፍ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙን ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ አንደኛው ያንቀላፋል።

«ይህ ማጭበርበር ነው» ብሎ ጀመረ መሐንዲሱ። «ቤተሰብ ሦስት መስመር አዝዞ ሁለት መስመር ተሰጠው።»

«ሦስት ሰጥቻለሁ። ሦስተኛው አልቆየም።»

«ለምን አልቆየም?»

«እንዲቆይ ስላልፈለግሁ።»

መሐንዲሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስሙኝማ አባት። ሞት ተፈጥሮ ነው። ያለ ነገር ነው።»

‹ያለ ነገር› ሲል ዐይኔን ጨፈንኩ።

አጎቴ ግን ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ቧንቧ ሲያፈስ ‹ያለ ነው› ብለህ ትተወዋለህ? ደመወዝ የሚከፍሉህ ለዚያ ነው?»

የሚያንቀላፋው ሽማግሌ ዐይኑን ገለጠ። መሐንዲሱ ጆሮው ቀላ፤ ከኪሱም በመሐረብ የተጠቀለለ የድንጋይ ስባሪ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከወርክሾፓችን ደጃፍ ያነሣው ነው። መሐሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ መስመሯ አንድ በአንድ የሚቆጠር ዛጎል ተቀብራለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዛጎል።»

«ከማን በፊት ነው የሞተው?»

«ከኔ በፊት።»

ሽማግሌው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ከአዳም በፊት!» አለ መሐንዲሱ። «ሰው ሳይኖር፣ ኃጢአት ሳይኖር፣ ባሕር ውስጥ ኖሮ፣ ሞቶ፣ ድንጋይ የሆነ ነው። እርስዎ ሞት መጤ ነው እያሉ ይሰብካሉ፤ የሚጽፉበት ድንጋይ ራሱ እኮ ከዳር እስከ ዳር ሬሳ ነው!»

እኔ ግን አጎቴ ያችን ዛጎል ከመሐንዲሱ በፊት እንደሚያውቃት አውቃለሁ። ድንጋይ ሲመርጥ ዛጎል ያለበትን ፊት ምንጊዜም ወደ መሬት ይገለብጠው ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ስባሪዋን አንሥቶ ብናኟን እፍ አላት። «መቼ እንደሞተች አላውቅም» አለ። «እዚያ አልነበርኩም። አንተም አልነበርክ፣ ልጄ። መጀመሪያ የሞተው ሰው እንዴት እንደሞተ ግን ተጽፏል። አርጅቶ አይደለም፤ ታሞ አይደለም፤ የገዛ ወንድሙ ነው የገደለው። ደሙም ከመሬት ጮኸ። ያለ ነገር ከሆነ ምን ያስጮኸዋል? ጌታስ የወዳጁ መቃብር ጋ ሲደርስ ለምን አለቀሰ? የገዛ ሥራውን አይቶ የሚያለቅስ አናጢ አይተህ ታውቃለህ?»

«ይህ ስብከት ነው።»

«ያንተስ?»

መሐንዲሱ ውሳኔውን አነበበ። የሠላሳ ስምንቱም ድንጋይ ሦስተኛ መስመር ከስሙ እኩል ጠልቆ ዝናቡ ሳይገባ እንደገና እንዲቀረጽ። ካልተቀረጸ ግን የአጎቴ መሮ በመቃብሩ በር ዳግመኛ አያልፍም፤ ከእንግዲህ ለሚሞተው ሁሉ ድንጋዩን አዲሱ የማሽን ቤት ይጽፋል።

«ለዚያ ምናምንቴ ጣቴን አላደክምም» ብሎ አጎቴ ወጣ።

በመንገድ ላይ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። ሚስቱ በልብ ሕመም ከተኛች አምስተኛ ወሯ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ እንደሌላት በጨዋ ቃል ነግሮን ነበር። ሲጋቡ ጀምሮ «የኔን አንተ ነህ የምትጽፈው፤ ሌላ ሰው ስሜን ቢነካው ተነሥቼ እመጣለሁ» እያለች ታስቀው ነበር። አሁን በሩ ከተዘጋ ስሟን የሚጽፈው ማሽን ነው።

ከመስኮቱ ሥር፣ ሦስት ትራስ ተደግፋ ጠበቀችን።

«ምን አሉህ?»

ነገራት።

«ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሂድና ጻፍላቸው።»

«ለሞት? ለዚያ ጥገኛ?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ትንፋሽ አጥሯት። «ንቀት ድሮ ቀረ! የናቁትን ሰው ቤቴን እዘዝበት ይሉታል እንዴ? እሱን ላለማስደሰት ብለህ እኔን ለማሽን ልትሰጠኝ ነው? ከሱ ጋር እልህ ተጋባህ እኮ። እልህ የሚጋቡት ከእኩያ ጋር ነው።»

በዐርባ ዓመት ውስጥ አጎቴን እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ነጩን እጁን ተመለከተ።

«ያች ዛጎል ግን...» አለ በመጨረሻ።

«ምን ሆነች?»

«መልስ የለኝም። እውነቴን ነው። ዐርባ ዓመት ገልብጬ ሳስቀምጣት ኖርኩ።»

«ታዲያ አትገልብጣት» አለችው። «አንተ ስላላየሃት እሷ አልጠፋችም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እኔ እርሳሴን፣ እሱ መሮውን ይዘን ወደ መቃብሩ ሄድን። ከልጅቱ ድንጋይ ልንጀምር ነበር። ስንደርስ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሺ፣ የኔ ልጅ» አላት።

«አልነሣም ጋሼ።»

«ጠፋ ያልሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

«ጠፋ አልኩ እንጂ መልሱልኝ አልኩ?» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ በመጣሁ ቁጥር ዐይኔ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ መስመር ላይ ነበር። ቀኑን አነባለሁ፣ ያን ቀን መልሼ እውላለሁ። ዘንድሮ መጣሁ፤ ስሟን ብቻ አነበብኩ። ስሟን አንብቤ፣ ጠርቻት፣ ቤቴ ገባሁ። ለዘበኛው የነገርኩት ደስ ብሎኝ ነው። ያ ባለቆብ ነገሬን ሳልጨርስ ጻፈው! ልጄን ድጋሚ አታስሞቱብኝ። አንዴ ይበቃኛል።»

አጎቴ መሮውን ወደ ኪሱ መለሰ። በዚህ መካከል መሐንዲሱ ዝርዝሩንና የብረት ማስመሪያ ይዞ ደረሰ፤ የፊደሉን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ሊለካ ነው የመጣው።

«ይነሡልን እመቤት። የኮሚቴ ውሳኔ ነው።»

«የእናትህንስ ለክተሃል?» አለችው፣ ሳትነሣ።

«የእናቴ ድንጋይ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሂድና እየው።»

መሐንዲሱ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየና ከጽድ ዛፉ ጀርባ ወዳለው ጥግ ሄደ። ተከተልነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሲገልጠው የእናቱ ስም እንደ ትናንት ሥራ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ልደቷም አለ። ከዚያ በታች ልሙጥ ድንጋይ ነው። የሰውን መቃብር ሁሉ በመደዳ ሲመዘግብ የራሱ ጋ አልደረሰም።

ቆቡን አወለቀ። ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ እርሳሱን አስጠጋ፤ ግን አልጻፈም።

«ቀኑ...» አለ።

«ምን ሆነ?» አለው አጎቴ።

«ቀኑ መቼ እንደነበር... ጥቅምት ነው። ጥቅምት መሆኑን አውቃለሁ።»

ረስቶታል። ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ የሞቱን ቀን ይወቅ ብሎ የተነሣ ሰው የእናቱን ቀን ረስቶታል። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አልደፋችም።

«ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሐሙስ» አለው አጎቴ። «ከቀትር በኋላ ነው። ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቷ። አንተ ለሥልጠና ሄደህ ነበርና ሳትደርስላት ቀረህ። ድንጋይ ልትመርጥ ስትመጣ ዛጎል ያለበትን አነሣህ፤ እኔ ነኝ የገለበጥኩልህ።»

«እንዴት... እንዴት ያስታውሱታል?»

«የሁሉንም አውቀዋለሁ። ሠላሳ ስምንት አይደሉም፣ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ናቅሁት እንጂ ረሳሁት አልኩህ? የናቁትን ሌባ መልኩንም የመጣበትንም ቀን በደንብ ይይዙታል።»

መሐንዲሱ ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተ። «የእናቴን ይጻፉልኝ» አለ በቀስታ።

«ላንተ ያስፈልግሃል» አለው አጎቴ።

ተንበረከከ። እኔ ነደፍኩ፤ እሱ ቀረጸ። ከስሙ እኩል የጠለቀ ሦስተኛ መስመር በሕይወቱ የጻፈው ያን ብቻ ነው። መሐንዲሱ በማስመሪያው አልለካውም። ከዚያ በኋላም ስለ ዝርዝሩ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ በሩም አልተዘጋብንም።

የአጎቴ ሚስት ዝናቡ ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው ሞተች። አጎቴ በቀብሯ ላይ ሰባኪው «አረፈች» ሲል «ሞተች በል! አታባብለው!» ብሎ ከኋላ ጮኸበት፤ ለቅሶው ከዚያ በኋላ መጣ።

ድንጋዩን ሲመርጥ አብሬው ነበርኩ። ከተደረደሩት መካከል አንዱን ወደ ብርሃን አቀናው። ፊቱ ላይ፣ ሦስተኛው መስመር ከሚጀምርበት ጥግ፣ ዛጎል ነበረች። ይገለብጠው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልገለበጠውም።

«ይችስ ጋሼ?»

«ትቆይ። ፍጥረት ሁሉ እየቃተተ ይጠብቃል ተብሏል፤ እሷም ከሚጠብቁት ውስጥ ትሆናለች። መቼ እንደሞተች አላውቅም። መሞቷን አይቶ ግን ፈጣሪ መልካም ነው ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ አሁን ያወቅሁት ነገር ነው።»

ስሟን ለመቅረጽ ሦስት ቀን ፈጀበት። ጣቴን ብከትበት ጥፍሬ ይጠፋ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ መዶሻውን ጭራሽ አላነሣም፤ መሮውን በእጁ ብቻ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ዛጎሏን ሳይነካ፣ ጨረሰው። አፍንጫውን ነፋ። «ይበቃዋል» አለ።

መስመሩ ሁለት ክረምት እንኳ አልቆየም። አጎቴ እሑድ እሑድ እዚያ ተቀምጦ ይውል ነበር፤ እኔም እርማቴን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን የዘመዷን መቃብር የምትፈልግ አንዲት እንግዳ ሴት ድንጋዩ ፊት ቆመችና «እኚህ እናት መቼ ነው ያረፉት?» ብላ ጠየቀችው።

ቀኑን ነገራት። ሰዓቱን ነገራት። መስኮቱ ክፍት እንደነበረና ሦስተኛውን ትራስ አውጣልኝ እንዳለችው ነገራት። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያያት፣

«ምን ይሠራልሻል?» አላት። «ስሟን አንብቢ።»